ስምን ሳይቆርጡ መጻፍ፦ በሲ ቋንቋ የካራክተርና የስትሪንግ አያያዝ

(ከዚህ በታች የቀረበው ለጀማሪ የፕሮግራሚንግ ተማሪዎችና ለመምህራን የተሰጠ ክፍት ሌክቸር ግልባጭ ነው። በሰሌዳ ላይ ተጽፈው የነበሩት የሲ ትእዛዛት በንግግሩ እንደተነበቡ በፊደል ሰፍረዋል።)



የዛሬውን ትምህርት በአንድ ስም ልጀምር። ስሙ ገብረመድኅን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ የክፍሉን የውጤት መዝገብ የሚያትም አነስተኛ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፎ አመጣልኝ። ፕሮግራሙ በላቲን ፊደል በተጻፉ ስሞች ለሳምንታት ያለ እንከን ሠርቷል። ስሞቹ በአማርኛ በገቡበት ዕለት ግን የአልማዝና የከበደ ውጤት በደንብ ሲታተም፣ ገብረመድኅን «ገብረመድኅ» ሆኖ፣ በመጨረሻዋ «ን» ፈንታ በውስጡ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ምልክት ተደንቅሮበት ወጣ። ተማሪው ለስሙ 20 ቦታ መድቦ ነበር። ስሙ ደግሞ 7 ፊደል ብቻ ነው። «7 ነገር በ20 ቦታ ውስጥ እንዴት ሳይገባ ይቀራል?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነበር። ነገር ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ልመልስለት አልቻልሁም፤ ምክንያቱም ሲ «ፊደል» የሚባል ነገር አያውቅም፤ «ስትሪንግ» የሚባል ራሱን የቻለ የዳታ ዓይነትም የለውም። ያለው ቁጥር፣ የቁጥሮች ተርታና በፕሮግራም ጸሐፊዎች መካከል የተደረገ አንድ ስምምነት ብቻ ነው። ጀማሪዎች በዚህ ርእስ ላይ የሚሠሯቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከእነዚህ ሦስቱ አንዱን በመርሳት ነው።

ከቁጥሩ እንነሣ። ቻር የተባለው ዓይነት ስሙ «ካራክተር» ከሚለው ቃል ስለ ተቆረጠ የፊደል ማኖሪያ ይመስላል። በእርግጥ ግን አንድ ባይት የሚይዝ ትንሽ ኢንቲጀር ነው። በነጠላ ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ትልቁን የላቲን ኤ ብንጽፍ፣ ኮምፓይለሩ በአስኪ ሰንጠረዥ መሠረት 65 ብሎ ይወስደዋል። ትንሹ ኤ 97 ነው። ዜሮ የተባለው አኃዝ 48 ነው። ስለዚህ ተጠቃሚው 7 የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ወደ ፕሮግራማችሁ የሚገባው 7 ሳይሆን 55 ነው፤ እውነተኛውን 7 ለማግኘት የዜሮን ካራክተር መቀነስ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ «48 ቀንስ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ዜሮን በነጠላ ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ቀንሱ። የቋንቋው ስታንዳርድ ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞች ተከታታይ ቁጥር እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ ዜሮ በየትኛውም ማሽን 48 ይሆናል ብሎ ግን ቃል አይገባም።

ነጠላና ድርብ ትምህርተ ጥቅስ በሲ ውስጥ የአጻጻፍ ምርጫ አይደሉም። ኤ በነጠላ ሲጻፍ አንድ ቁጥር ነው። በድርብ ሲጻፍ ግን ሁለት ባይት ነው፤ 65 እና ከበስተኋላው የተከተለ ዜሮ። ወደዚህ ዜሮ በኋላ እንመለሳለን።

አሁን ብዙ መጻሕፍት በአንድ መስመር ወደሚያልፉት ነጥብ ልምጣ። ጌት-ቻር የተባለው ፈንክሽን ከግቤት አንድ ባይት አንብቦ ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን በቻር ሳይሆን በኢንት ነው። ለምን? አንድ ባይት 256 የተለያዩ ዋጋዎች ሊኖሩት ይችላል። ፈንክሽኑ ከእነዚህ ሌላ «ግቤቱ አልቋል» የሚል መልእክትም ማስተላለፍ አለበት፤ ይህም በኔጌቲቭ ቁጥር ይገለጻል። ድምሩ 257 ነው፤ 257 ነገር በ256 ቦታ አይገባም። ተማሪው ውጤቱን በቻር ከተቀበለ ከሁለት አደጋዎች አንዱ ይገጥመዋል። ቻር ኔጌቲቭ ቁጥር በሚይዝበት ማሽን ላይ 255 የሆነ ባይት ሲመጣ ፕሮግራሙ ፋይሉ ያለቀ መስሎት ያቆማል። ቻር ኔጌቲቭ በማይይዝበት ማሽን ላይ ደግሞ የማለቂያው ምልክት ፈጽሞ ስለማይታወቅ ዙሩ ማብቂያ ያጣል። በሁለቱም ዓይነት ማሽኖች መሥራታችሁ አይቀርም፤ ሊኑክስ በተጫነባቸው የተለመዱ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ቻር ኔጌቲቭ ይይዛል፤ ራስበሪ ፓይን በመሳሰሉ የአርም ማሽኖች ላይ ግን በተለምዶ አይይዝም። አንድ ዓይነት ኮድ በቤት ሠርቶ በላብራቶሪ ሲሰናከል ጥፋቱን በማሽኑ ላይ ከማላከካችሁ በፊት ይህን መርምሩ።

ወደ ስምምነቱ እንለፍ። በሲ ውስጥ ስትሪንግ ማለት ተከታትለው የተቀመጡ፣ መጨረሻቸው በዜሮ ባይት የሚታወቅ ባይቶች ናቸው። ይህ ዜሮ የአኃዙ ካራክተር 48 አይደለም፤ ሁሉም ቢቶቹ ዜሮ የሆኑ ባይት ነው። ሌላ አማራጭ አልነበረም ወይ? ነበረ። ከሲ በፊት የነበረው ቢ-ሲ-ፒ-ኤል የተባለ ቋንቋ የስትሪንጉን ርዝመት በመጀመሪያው ባይት ላይ ይጽፍ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣውና ኬን ቶምሰን የጻፈው ቢ የተባለ ቋንቋ ይህን ትቶ የማብቂያ ምልክት ማስቀመጥን መረጠ፤ ሲም ያንኑ ወረሰ። የሲ ፈጣሪ ዴኒስ ሪቺ በ1993 ባሳተመው የቋንቋው ታሪክ ላይ ሁለት ምክንያቶች ሰጥቷል፦ ርዝመቱን በአንድ ባይት መጻፍ ስትሪንጉ ከተወሰነ ቁጥር በላይ እንዳያድግ ያግዳል፤ ቆጠራውን መጠበቅም በልምዳቸው ማብቂያ ምልክት ከማኖር ይልቅ የማይመች ሆኖ አግኝተውታል።

እኔ በበኩሌ ምርጫው ዋጋ አስከፍሏል ብዬ አምናለሁ። የስትሪንጉ ርዝመት የትም አልተመዘገበም፤ ስትር-ሌን በተጠራ ቁጥር ከመጀመሪያው ባይት ተነሥቶ ዜሮ እስኪያገኝ ይቆጥራል። ዜሮው ከጠፋ ደግሞ የእናንተ ያልሆነ ሜሞሪ ውስጥ ገብቶ መቁጠሩን ይቀጥላል። ስትር-ሌን ዜሮውን በቁጥሩ ውስጥ አያስገባም፤ ቦታ ስትመድቡ ግን ለዜሮው አንድ ባይት መጨመር ግዴታ ነው። የስትሪንግን ቅጂ ለማኖር የስትር-ሌንን ውጤት ብቻ ለማሎክ የሰጠ ተማሪ አንድ ባይት አሳጥሯል። የዚህ ስሕተት ክፋቱ ብዙ ጊዜ አለመታየቱ ነው፤ ፕሮግራሙ ዛሬ ይሠራል፣ ነገም ይሠራል፣ በፈተናው ቀን ይወድቃል።

የአንድ ባይት ጉዳይ ተራ ነገር ለሚመስለው ሰው ጌትስ የተባለውን ፈንክሽን ታሪክ እነግረዋለሁ። ጌትስ አንድ መስመር አንብቦ በሰጣችሁት አሬይ ውስጥ ያኖራል፤ የአሬዩ ስፋት ስንት እንደሆነ የሚነገርበት መንገድ ግን የለውም። የመጣውን ሁሉ ያፈስሳል። በኅዳር ወር 1988 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በኢንተርኔት ላይ የተሠራጨው የሞሪስ ዎርም ከተጠቀመባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ በዩኒክስ ማሽኖች ላይ ይሠራ የነበረው የፊንገር አገልግሎት 512 ባይት ብቻ በሚይዝ አሬይ ውስጥ በጌትስ ያነብ ነበር፤ ዎርሙ ከዚያ የረዘመ መልእክት ላከበት። ጌትስ በ2011 በወጣው ስታንዳርድ ከቋንቋው ተሰርዟል። ዛሬም ግን በአሮጌ ማስታወሻዎች ላይ አገኘዋለሁ። በመልመጃ ወረቀት ላይ ጌትስን ካየሁ የቀረውን አላነብም።

በእርሱ ፈንታ ምን እንጠቀም? ጀማሪው ወዲያው የሚሮጠው ወደ ስካን-ኤፍ ነው። ስካን-ኤፍ በፐርሰንት ኤስ ሲያነብ ክፍት ቦታ ባገኘበት ያቆማል። «ሙሉ ስም ያስገቡ» ብሎ የጠየቀ ፕሮግራም «አልማዝ ከበደ» ሲባል «አልማዝ» ን ብቻ ወስዶ የአባትን ስም ለሚቀጥለው ጥያቄ ያስተርፋል፤ «ዕድሜ ያስገቡ» ለሚለው መልሱ «ከበደ» ይሆናል ማለት ነው። ከዚህም በላይ በፐርሰንቱና በኤሱ መካከል የስፋት ገደብ ካልተጻፈ ስካን-ኤፍ ከጌትስ የማይሻል አደገኛ ነው።

ስለዚህ ኤፍ-ጌትስን ተጠቀሙ። የአሬዩን ስፋት ይቀበላል፤ ለዜሮው ቦታ ትቶ ያነብባል፤ ክፍት ቦታም አያቆመው። ሁለት ነገር ብቻ አስታውሱ። አንደኛ፣ የአዲስ መስመር ምልክቱን ከስሙ ጋር አብሮ ያስቀምጠዋል፤ ካላስወገዳችሁት «አልማዝ» ን ከ«አልማዝ» ጋር ስታነጻጽሩ አይተካከሉም። ሁለተኛ፣ ያ ምልክት በመጨረሻ ላይ ካልተገኘ መስመሩ ከአሬዩ ረዝሟል፣ ወይም ፋይሉ አልቋል ማለት ነው፤ የተረፈው ክፍል በግቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

ማነጻጸር ካልሁ አይቀር፦ ሁለት ስትሪንጎችን በድርብ እኩል ምልክት ማነጻጸር አድራሻቸውን ማነጻጸር ነው። አንድ ስም የያዙ ሁለት ሰዎች አንድ ቤት አይኖሩም። ይዘታቸውን የሚያነጻጽረው ስትር-ኮምፕ ነው፤ እርሱም እኩል ሲሆኑ የሚመልሰው ዜሮ ስለሆነና ዜሮ በሲ «ሐሰት» ስለሆነ ውጤቱን ከዜሮ ጋር አስተያይታችሁ ጻፉት። በስሙ ምክንያት ብዙዎችን የሚያታልለው ደግሞ ስትር-ኤን-ኮፒ ነው። «ኤን» ስላለበት ከስትር-ኮፒ ይልቅ የተጠበቀ ይመስላል። ምንጩ ከተፈቀደው ልክ እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ ግን በመጨረሻ ላይ ዜሮ አያኖርም፤ የሚተውላችሁ ስትሪንግ ያልሆነ ነገር ነው። ለመቅዳት ኤስ-ኤን-ፕሪንት-ኤፍን እመርጣለሁ፤ ሁልጊዜ በዜሮ ይዘጋል፤ የሚመልሰው ቁጥርም ከአሬዩ ስፋት ጋር ሲተያይ ጽሑፉ መቆረጥ አለመቆረጡን ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ገብረመድኅን እንመለስ።

አስኪ 128 ቦታ ብቻ ያለው ሰንጠረዥ ነው፤ ፊደላችን በውስጡ የለም። ግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ሀ 4608 ነው፣ ሰ 4656 ነው። እነዚህ ቁጥሮች በአንድ ባይት አይገቡም። ዛሬ በብዛት የምንጽፍበት ዩ-ቲ-ኤፍ-8 የተባለው አሠራር እንደነዚህ ያሉትን ፊደላት እያንዳንዳቸውን በ3 ባይት ይጽፋቸዋል። «ሰላም» የሚለው ቃል በሜሞሪ ውስጥ ይህን ይመስላል፦ 225፣ 136፣ 176፤ 225፣ 136፣ 139፤ 225፣ 136፣ 157፤ በመጨረሻም 0። ስትር-ሌን 9 ይላችኋል። አልተሳሳተም፤ ባይት ቁጠር ተብሎ ባይት ቆጠረ።

እንግዲህ ገብረመድኅን 7 ፊደል ሲሆን 21 ባይት ነው፤ ከዜሮው ጋር 22። በ20 ቦታ ውስጥ ለጽሑፉ የሚቀረው 19 ነው። 18ቱ ባይት ስድስት ፊደል ሞሉ፤ 19ኛው ቦታ ላይ የ«ን» የመጀመሪያ ባይት ብቻዋን ገባች፤ ሁለቱ ወንድሞቿ ውጭ ቀሩ። ስክሪኑ ያሳየው ጥቁር ምልክት «ይህን ባይት ማንበብ አልቻልሁም» የሚል ነው። የላቲኑ ጽሑፍ የተሳካው አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነለት እንጂ ፕሮግራሙ ትክክል ስለነበረ አልነበረም።

ከዚህ በርካታ ነገር ይከተላል። «ሰ» ን በነጠላ ትምህርተ ጥቅስ አድርጎ በቻር ውስጥ ማኖር አይቻልም፤ ሦስት ባይት በአንድ አይገባም፤ የጂሲሲ ኮምፓይለር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ የሚቀራችሁም የመጨረሻው ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ፊደል በሲ ውስጥ ራሱ ስትሪንግ ነው፤ በድርብ ይጻፋል። ፕሪንት-ኤፍ ዓምድ ለማስተካከል በሚሰጠው ስፋትም የሚቆጥረው ባይት ነው፤ የአማርኛና የላቲን ስሞች የተቀላቀሉበት ሠንጠረዥ የሚዛነፈው በዚህ ምክንያት ነው። 225 ቻር ኔጌቲቭ በሚይዝበት ማሽን ላይ −31 ሆኖ ይነበባል፤ እርሱን በቀጥታ «ፊደል ነው ወይ?» ብለው ለሚጠይቁት ኢዝ-አልፋን ለመሳሰሉ ፈንክሽኖች መስጠት በስታንዳርዱ የተከለከለ ነው፤ አስቀድሞ ወደ አንሳይንድ ቻር መለወጥ ያስፈልጋል። ከተለወጠም በኋላ እነዚህ ፈንክሽኖች የሚያዩት አንድ ባይት ብቻ ስለሆነ ስለ ፊደላችን የሚነግሯችሁ የለም።

ደስ የሚያሰኝ ነገርም አለ። ዩ-ቲ-ኤፍ-8ን በመስከረም 1992 የነደፉት ያው ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ ናቸው፤ ከአንድ ባይት በላይ በሚይዙት ፊደላት ባይቶች መካከል ዜሮ ፈጽሞ እንዳይገኝ አድርገው ነደፉት። በዚህም ምክንያት ስትር-ኮፒና ስትር-ኮምፕ አማርኛን ሳያውቁ በትክክል ያስተናግዱታል። ስትር-ኮምፕ የስም ዝርዝርን ከሞላ ጎደል በሀ-ለ-ሐ-መ ተራ ይደረድርላችኋል፤ የዩኒኮድ ቁጥሮቹ ያንን ተራ ስለሚከተሉ ነው። (ፀሐይና ጸሀይ አንድ ሰው መሆናቸውን ግን አይነግራችሁም፤ ይህ የሲ ሳይሆን የእኛ የቤት ሥራ ነው።)

ከሁሉ የሚጠቅመው ሌላው ንድፍ ነው። ተከታይ ባይቶች ሁልጊዜ ከ128 እስከ 191 ባለው ክልል ውስጥ ናቸው፤ የፊደል መጀመሪያ የሆነ ባይት በዚያ ክልል አይገኝም። ስለዚህ ፊደል መቁጠር ከፈለጋችሁ በዚያ ክልል ውስጥ ያልሆኑትን ባይቶች ብቻ ቁጠሩ፤ ለ«ሰላም» 3 ታገኛላችሁ። መቁረጥ ግድ ከሆነ ደግሞ ዜሮውን ልታኖሩበት ያሰባችሁትን ቦታ ተመልከቱ፤ በዚያ ያለው ተከታይ ባይት ከሆነ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሂዱ፤ ተከታይ ያልሆነ ባይት ስታገኙ ዜሮውን በእርሱ ላይ አኑሩ። የእኛ ፕሮግራም እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ጥቁሩ ምልክት ባልወጣ ነበር። ሰውየው ግን አሁንም ገብረመድኅ ነው። ውጤቱን ይዞ ሥራ ለሚፈልግ ሰው ይህ በቂ አይደለም። የስም አሬይ ስትመድቡ የምትጠብቁትን የፊደል ብዛት በ3 አባዙ፤ ለክፍት ቦታዎቹና ለዜሮው ጨምሩ፤ ከዚያም ሲበልጥ ቆርጦ ከመቀጠል ይልቅ ስሕተት መኖሩን አሳውቁ። ሦስት ስሞች፣ እያንዳንዳቸው 8 ፊደል፣ ሁለት ክፍት ቦታና አንድ ዜሮ፤ 75 ባይት ነው።

ለልምምድ አንድ ነገር ልተውላችሁ። ከ«ሰ» ሦስት ባይቶች ከመጀመሪያው 224፣ ከቀሩት ከእያንዳንዳቸው 128 ቀንሱ፤ 1፣ 8 እና 48 ይቀራል። የመጀመሪያውን በ4096፣ ሁለተኛውን በ64 አባዝታችሁ ደምሩ፤ 4656 ይመጣል። ከዚያ የሀን 4608 ቀንሱና ለ8 አካፍሉ። ድርሻው 6፣ ቀሪው 0 ነው፦ ከሀ ቀጥሎ ስድስተኛው ቤት፣ ግዕዝ። በ«ላ» ብትሞክሩት ድርሻው 1፣ ቀሪው 3፤ የለ ቤት ራብዕ ነው። ቀደም ሲል ከ7 ካራክተር ላይ ዜሮን እንደቀነስነው ሁሉ፣ ከጥቂት ዲቃላ ፊደላት በቀር የፊደል ገበታችን በቅናሽና በማካፈል ይነበባል።

ከተሳታፊዎች አንድ ጥያቄ ቀርቦ ነበር፦ «ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚመጣ እያንዳንዱን ፊደል በሁለት ባይት ጽፈን ለምን አንገላገልም? ሲም ዋይድ ቻር የሚባል ዓይነት አለው።»

ዋይድ ቻር አለ፤ ነገር ግን በዊንዶውስ 2 ባይት፣ በሊኑክስ 4 ባይት ነው፤ በአንዱ ያስቀመጣችሁት ፋይል በሌላው እንዳለ አይነበብም። ሁለት ባይቱን በተራ ቻር ፈንክሽኖች ብትይዙት ደግሞ የሚሆነውን በ«ሀገር» ላይ እንየው። የሀ ቁጥር 4608 በሁለት ባይት ሲከፈል 18 እና 0 ነው፤ ዛሬ በፊታችሁ ባሉት ላፕቶፖች ላይ መጀመሪያ የሚቀመጠው ዜሮው ነው። ስትር-ሌን የመጀመሪያውን ባይት ያያል፤ ዜሮ ያገኛል፤ «ሀገር» ርዝመቱ ዜሮ ነው ብሎ ይመልስላችኋል።